ኮሪዶራስ ማራባት በድሬና በሐረር፦ ጫጩቶቹን እንዴት እናትርፍ?

የጀጎሏ፦

ሰላም የዓሣ ወዳጆች፣ ከሐረር ነው የምጽፈው። 80 ሊትር አኳሪየም (የመስታወት የዓሣ ገንዳ) ውስጥ 6 ብሮንዝ ኮሪዶራስ አሉኝ፣ መሬት መሬቱን የሚለቅሙት ጢማም ትንንሽ ዓሦች። ሰሞኑን የሴቶቹ ሆድ ሞልቷል፣ ወንዶቹም ከኋላ ከኋላቸው እየተከተሉ መስታወቱን ላይና ታች ይሉበታል። እንቁላል ሊጥሉ ነው መሰለኝ።

ከዚህ በኋላ ያለውን በእጁ ከሠራ ሰው መስማት እፈልጋለሁ። እንቁላሉን ላውጣው ወይስ እዚያው ይቆይ? ጫጩቶቹ መጀመሪያ ምን ይበላሉ? ውሃውስ? ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋግር ውሃ ነው ያለን፣ ሲመጣም በፈረቃ ነው። የማነበው ሁሉ ደግሞ ‹‹ለስላሳ (ማዕድኑ ያነሰ) ውሃ ካልሆነ›› እያለ ያስፈራራኛል። እባካችሁ ‹‹ከባድ ነው ተዪው›› አትበሉኝ፣ እንዴት እንደሚሆን ንገሩኝ።

ሳቢያን_አኳ፦

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ፣ የነገርሽን ምልክት ሁሉ የእንቁላል ነው።

በውሃው አትጨነቂ። ሐሮማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ የሐረር ውሃ በብዛት የሚመጣው ከኛው ከድሬ በኩል ካሉት ጉድጓዶች ተገፍቶ ነው። ስለዚህ እኔም አንቺም ያለን ያው ጠንካራ፣ ማዕድን የበዛበት ውሃ ነው። ብሮንዝና ፔፐርድ የሚባሉት ኮሪዶራሶች ደግሞ ከብዙ ትውልድ ጀምሮ በሰው ቤት ሲባዙ የኖሩ ዓሦች ናቸው፣ ጠንካራ ውሃ ውስጥም ይጥላሉ፣ ይፈለፈላልም። ከወንዝ ተይዘው የመጡ ብርቅ ዓይነቶች ቢሆኑ ኖሮ ሌላ ወሬ እናወራ ነበር።

አሁን ዋናው ነገር። እንቁላል ማስጣል ቀላል ነው። ሰው የሚያቅተው ጫጩቱን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ማሻገር ነው። ጫጩቱ ማለቅ ሲጀምር ሁሉም ሰው ‹‹በረሃብ ነው›› ይልና ምግብ ይጨምራል። እኔ የምለው ሌላ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚገድላቸው የተረፈው ምግብ ነው። የተረፈ ምግብ ሲበሰብስ አሞኒያ ያወጣል። ፒኤች (ውሃው አሲዳማ ወይም አልካላይን መሆኑን የሚለካው ቁጥር) ከፍ ሲል፣ በዚያ ላይ ሙቀት ሲጨመርበት፣ ያው መጠን ያለው አሞኒያ የበለጠ ክፍሉ ወደ መርዛማው ዓይነት ይለወጣል። የኛ ውሃ ፒኤቹ ከፍ ያለ ነው፣ ድሬ ደግሞ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። ውጭ አገር ለስላሳና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ምንም የማይመስል ቆሻሻ እኛ ጋ በአንድ ሌሊት ዕቃውን ባዶ ያደርገዋል። ይህን ከያዝሽ ሌላው ዝርዝር ነው።

እንቁላሉን አውጪው፣ ወላጆቹ ራሳቸው ይበሉታልና። ግን ሲጥሉ ቁጭ ብለሽ ተመልከቺ። ሴቷ አፏን ወንዱ ሆድ ሥር ትለጥፋለች፣ ሁለቱ ቲ ፊደል ሠርተው ለጥቂት ሴኮንዶች ድርቅ ብለው ይቆያሉ። ከዚያ ሆዷ ሥር ያሉትን ሁለት ክንፎች ገጥማ ኪስ ትሠራለች፣ ጥቂት እንቁላል እዚያ ውስጥ ይዛ መዞር ትጀምራለች። ቦታ ትመርጣለች፣ መስታወቱን በአፏ ታጸዳለች፣ ሆዷን ጫን አድርጋ ትለጥፈዋለች። ትሄድና ደግሞ ትመለሳለች። ይሄ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል።

ወንዶቹ ሲረጋጉ ጨርሳለች ማለት ነው። ትንሽ ሲቆይ የእንቁላሉ ቆዳ ጠንከር ስለሚል በጣትሽ ጫፍ ቀስ ብለሽ እያንከባለልሽ ታነሺዋለሽ፣ አይፈነዳም። አጥብቆ የያዘውን በድሮ የባንክ ካርድ ጠርዝ ላጥ አድርጊው። ንጹህ ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከዚያው ከአኳሪየሙ ውሃ ጨምሪና አስገቢው። ዕቃውን አኳሪየሙ ላይ አንሳፊው፣ ሙቀቱ እኩል ይሆንልሻል። የአየር ድንጋይ (የፓምፑን አየር በደቃቅ አረፋ የሚያወጣው) ቀስ ብሎ እንዲተነፍስበት አድርጊ። ሜቲሊን ብሉ ካገኘሽ ውሃው ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ እስኪሆን ጠብ አድርጊበት፣ ሻጋታ ይከላከላል። ካላገኘሽ በየቀኑ ነጭ የሆነውን እንቁላል እየለቀምሽ ጣይ። የደረሰው እንቁላል ቀለሙ ወደ ቡና ይሄዳል፣ ጠጋ ብለሽ ስታዪው ዓይኑ ይታያል፣ ውስጡ ይንቀሳቀሳል። ነጭ ሆኖ የደፈረሰው አልቆለታል፣ ካልወጣ ሻጋታው ወደ ጎረቤቱ ይዘላል።

ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ላይ ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ይፈለፈላል። ከተፈለፈሉ በኋላ ሁለት ቀን ያህል ምንም አትስጪያቸው። ሆዳቸው ላይ የያዙት አስኳል አላቸው፣ እሱን ይጨርሱ።

ትንሹ_ዋሪያ፦

አቦ እኔ ግን ያልገባኝ ያ የቲ ነገር ነው። አፏን ለምንድነው ወንዱ ሆድ ላይ የምትለጥፈው? ከጓደኛዬ ጋር ተከራክረንበታል፣ እሱ ‹‹በአፏ ነው የምታረግዘው›› ይላል 

ባዮሎጂ_መምህር፦

ጓደኛህ ከእውነቱ ብዙም አልራቀም። በ1995 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች ብሮንዝ ኮሪዶራስ ላይ ያዩትን አሳትመው ነበር። ሴቷ የወንዱን ዘር ትጠጣዋለች። ዘሩ በአንጀቷ ውስጥ በፍጥነት አልፎ በኋላዋ ይወጣና ክንፏ መካከል የያዘቻቸውን እንቁላሎች እዚያው ያዳብራቸዋል። አንጀቷ ዘሩን ሳይፈጨው በፍጥነት ማሳለፉ ነው የሚገርመው።

አንጀታቸው ሌላም ሥራ አለው። ኮሪዶራስ ድንገት ሽቅብ ተወንጭፎ አየር ጎርሶ ሲመለስ አይታችሁ ይሆናል፣ ያንን አየር የሚጠቀምበት በአንጀቱ ነው። አልፎ አልፎ ከሆነ ጤነኛ ነገር ነው። ሁሉም በየደቂቃው ከተመላለሱ ግን ውሃው ኦክስጅን አጥሮታል ወይም ተበክሏል፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ውሃ ቀይሩ።

ኢንተርኔት ላይ ለምትፈልጉም አንድ ነገር ልበል። በ2024 እ.ኤ.አ. ሳይንቲስቶች የኮሪዶራስን ወገን ከፋፍለውታል። ብሮንዝ አሁን ኦስቴዎጋስተር፣ ፔፐርድና ስተርባይ የሚባሉት ዓይነቶች ሆፕሊሶማ በሚለው ስም ተመዝግበዋል። ሻጩም አርቢውም ግን ዛሬም ኮሪዶራስ ነው የሚለው፣ በሁለቱም ስም ፈልጉ።

ጋሽ_ለገሃር፦

ልጆች፣ ይህን ያህል ማስጨነቅ ምን ያስፈልጋል። የተቀቀለ እንቁላል አስኳል በጨርቅ አጥልሎ መስጠት ነው። እኛ በልጅነታችን የወርቃማ ዓሣ ጫጩት ያሳደግነው በዚሁ ነው፤ አርቴሚያ የሚሉት ደቃቅ የጨው ውሃ ፍጥረትም ምንም አልነበረም።

ሳቢያን_አኳ፦

ጋሼ እውነትዎን ነው፣ አስኳል ጫጩት ያሳድጋል። ችግሩ ዕቃው ላይ ነው። ትልቅ ገንዳ ውስጥ የተረፈው ተበታትኖ ይጠፋል፣ ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ግን ውሃውን በጥቂት ሰዓት ያበላሸዋል። ሌላም አለ። የኮሪዶራስ ጫጩት የሚበላው መሬት ላይ ነው፣ አስኳሉ ደግሞ እንደ ደመና ውሃው መሃል ይቆያል። ጫጩቱ ሳያገኘው ሌሊት ላይ ይወርድና እሱ በተኛበት ይሸታል። ሌላ ምንም ከጠፋ በጥርስ መፋቂያ ጫፍ የምትነሳ ታህል ሰጥቶ ከአንድ ሰዓት በኋላ መምጠጥ ይቻላል።

ጋሽ_ለገሃር፦

እሺ ልጄ፣ መሬት ላይ ይበላሉ ያልከው ገብቶኛል። እኛ ያሳደግነው ላይ ላዩን የሚዋኝ ዓሣ ነበር።

ዛህራ_ከዚራ፦

ምግቡን ለኔ ተዉልኝ 

በኔ ቤት የመጀመሪያው ምርጫ ማይክሮዎርም ነው። በዓይን ለማየት የምታስቸግር ነጭ ትል ናት። አንዴ ዘሯን ከሰው ካገኘሽ ሁለተኛ አትገዢም። አጃ ወፈር አድርገሽ ታገነፊያለሽ፣ ሲቀዘቅዝ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ጣት የሚያህል ውፍረት ታነጥፊዋለሽ፣ ቁንጥር እርሾ ላዩ ላይ፣ ከዚያ ከዘሩ በማንኪያ ጫፍ። ክዳኑን በመርፌ ብሺው፣ በቀጭን ጨርቅም ሸፍኚው፣ አለዚያ ዝንብ ይገባል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ትሎቹ የዕቃውን ግድግዳ ይዘው ሽቅብ ይወጣሉ፣ መስታወት ላይ ላብ የወጣ ነው የሚመስለው። በጣትሽ ጠረግ አድርገሽ ጫጩቶቹ ውሃ ውስጥ ማለቅለቅ ነው። ትሏ ወደ ታች ትሰምጣለች፣ ቶሎም አትሞትም፣ ለኮሪዶራስ ከዚህ የተሻለ የለም። ድሬ ሙቀት ላይ ገንፎው ቶሎ ይበላሻል፣ ስለዚህ ሁለት ሦስት ዕቃ በተለያየ ቀን ጀምሪ። አንዱ ሲሸት ሌላው ይደርሳል። ሐረር ላይ ይበልጥ ይቆይልሻል።

አርቴሚያ ደግሞ አዲስ አበባ የሚላክለት ወዳጅ ላለው። ሃይላንድ ጠርሙስ ቂጡን ቆርጠሽ ገልብጠሽ አቁሚው። አንድ ሊትር ውሃ ላይ ከ25 እስከ 30 ግራም ጨው፣ የአየር ቱቦ እስከ ታች፣ ቁንጥር የአርቴሚያ እንቁላል። ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ላይ በአንድ ቀን ገደማ ይፈለፈላል፣ ድሬ ላይ ሂተርም አይፈልግ። አየሩን አጥፊና ከታች በኩል የስልክሽን መብራት አስጠጊ። ባዶው ቅርፊት ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ ብርቱካናማዎቹ ወደ ብርሃኑ ይሰበሰባሉ። በቀጭን ቱቦ ሳቢያቸው፣ በጨርቅ አጥልያቸው፣ በንጹህ ውሃ አለቅልቂያቸው። ጨው ያለበትን ውሃ አታስገቢ፣ ኮሪዶራስ ጨው አይወድም።

የጫጩቷን ሆድ እዪ። አርቴሚያ የበላች ጫጩት ሆዷ ብርቱካናማ ሆኖ ከውጭ ይታያል። ያን ካየሽ በቂ ነው፣ አትጨምሪ።

ትንሹ_ዋሪያ፦

እኔ ለትልልቆቹ የትንኝ እጭ ነው የምሰጠው ወላሂ በርሜል ውስጥ ሞልቷል፣ በነጻ! ሴቶቹ እሱን በልተው ነው ሆዳቸው የሞላው

ነርስ_ነኝ፦

ወንድሜ፣ ዓሣ አሳድጌ አላውቅም፣ እህቴ ናት ይህን ክር ያሳየችኝ፣ ግን ይህቺን አንብቤ ማለፍ አልቻልኩም። ድሬዳዋ በ2013 እ.ኤ.አ. በዴንጊ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. በቺኩንጉንያ ተመትታለች። በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ አኖፊለስ ስቴፈንሲ ከምትባለው አዲስ የወባ ትንኝ ጋር የተያያዘ የወባ ወረርሽኝ ነበር። ይህቺ ትንኝም የዴንጊዋም የሚራቡት ጓሮ ውስጥ ባለ በርሜልና ሮቶ ነው። እጩ ክንፍ አውጥቶ ለመብረር በሙቀት አንድ ሳምንት ገደማ ይበቃዋል። አንተ ስትረሳው አንዱ ባልዲ ጎረቤትህን ያሳምማል።

ያለውን እጭ ሁሉ ዛሬውኑ አጥልለህ ለዓሦችህ ስጥ፣ በርሜሉን እጠበው፣ ቀጭን ጨርቅ በላዩ ወጥረህ እሰር። ለዓሣ ብለህ ትንኝ አታርባ። እለምንሃለሁ።

ሳቢያን_አኳ፦

እህታችን ያለችውን ከመቶ በላይ እደግፋለሁ። ክሎሪኑ እንዲወጣ ውሃ ክፍት ባልዲ ውስጥ የምታሳድሩም፣ የዝናብ ውሃ የምታጠራቅሙም፣ ጨርቅ አልብሱት፣ ክሎሪኑ በጨርቁም ይወጣል። ለትልልቆቹ የምድር ትል በደንብ አጥቦና ከትፎ መስጠት ይቻላል፣ በጣም ይወዱታል።

የጀጎሏ፦

ጣሉ!! ትናንት ከዝናቡ በኋላ። መስታወቱ ጥግ ላይና ፊልተሩ ቱቦ ላይ ነው የለጠፉት። አወጣሁት፣ በባንክ ካርድ። አልሃምዱሊላህ።

አሁን ሁለት ጥያቄ አለኝ። ውሃ በፈረቃ እያገኘሁ ጫጩቶቹን በየቀኑ እንዴት ነው ውሃ የምቀይርላቸው? መብራት ሲጠፋስ?

ሳቢያን_አኳ፦

ዝናቡ ነው ያስጣላቸው! በተፈጥሮም ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ዝናብ ሲገባና ውሃው ሲቀዘቅዝ ነው የሚጥሉት። በበጋ ማስጣል የሚፈልግ ሰው ያንን መኮረጅ ይችላል። ለአንድ ሁለት ሳምንት በደንብ መመገብ፣ ከዚያ ማታ ላይ ከአኳሪየሙ ውሃ ሲሶውን አውጥቶ በ3 ወይም በ4 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ውሃ መተካት። እምቢ ካሉ በማግስቱ መድገም። ለአንዲት ሴት ሁለት ወንድ ቢደርስ ይመረጣል። ከላይ ስታዩአቸው ሴቷ ወገቧ ሰፊ ነው፣ ወንዱ ቀጠን ያለ ነው።

ውሃውን በተመለከተ፣ ለጫጩቶቹ አዲስ ውሃ አትፈልጊ። ከትልቁ አኳሪየም ውሃ ቅጂና ስጫቸው፣ ሙቀቱም ፒኤቹም ያው ነው፣ አይደነግጡም። አዲሱን ውሃ ለትልቁ ትጨምሪያለሽ። ጫጩት ያለበት ዕቃ ጥልቀቱ ከ10 ሴንቲሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው፣ አየር ለመጉረስ ሽቅብ መሄድ አይከብዳቸውም። አንድ ትልቅ ሲሪንጅ ግዢ፣ ጫፉ ላይ የአየር ቱቦ ቁራጭ ስኪበት፣ ጠዋትና ማታ ታች ያለውን ቆሻሻ ምጠጪ። የመጠጥሽውን ውሃ ወዲያው አትድፊው፣ ነጭ ሳህን ላይ ገልብጠሽ እዪው፣ ሁሌም አንድ ሁለት ጫጩት አብሮ ይወጣል።

የዕቃውን ወለል ደግሞ በጣትሽ ዳሺው። ሙልጭልጭ ካለሽ የባክቴሪያ ሽፋን ነው። እነዚህ ዓሦች ሆዳቸውን መሬት አስነክተው ነው የሚውሉት፣ ጢማቸውንም ክንፋቸውንም የሚበላባቸው እሱ ነው። በንጹህ ስፖንጅ ጥረጊው።

መብራት ሲጠፋ በፓወር ባንክ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ስፖንጅ ፊልተሩ ላይ መሰካት ነው። ለረጅም ሰዓት ቆሞ ከሆነ ስፖንጁን በአኳሪየም ውሃ ጨመቅ ጨመቅ አድርገሽ አስነሺው፣ በቧንቧ ውሃ አትጠቢው፣ ክሎሪኑ ጠቃሚውን ባክቴሪያ ይጨርሰዋል። በዚያ ቀን ምግብ ቀንሺ።

የደቻቱ_አሸዋ፦

አንድ ነገር ረሳችሁ፣ አሸዋ። ብዙ ሰው ሹል ጠጠር ላይ ያስቀምጣቸውና ጢማቸው ያልቃል። ኮሪዶራስ አሸዋ አፍሶ በስንጥቡ (በሚተነፍስበት የአንገቱ ጎን) የሚያጣራ ዓሣ ነው። የወንዝ አሸዋ ድሬ ላይ ሞልቷል፣ ግን ዝም ብላችሁ አታስገቡ። በሳፋ ውሃው እስኪጠራ እጠቡት፣ በደቃቅ ወንፊት ንፉት፣ ከዚያ ጭብጥ አንስታችሁ አቼቶ አፍስሱበት። ከፈላ የኖራ ድንጋይ አለበት፣ የጠነከረውን ውሃ ይበልጥ ያጠነክረዋል። ካልፈላ ተጠቀሙበት። ለጫጩቶቹም ስስ የአሸዋ ንጣፍ ከባዶ ፕላስቲክ ይሻላል ባይ ነኝ።

ሳቢያን_አኳ፦

በስሱ ከሆነ እስማማለሁ። ወፍራም ከሆነ ግን ምግቡ ሥር ይገባና አይታይም።

ዛህራ_ከዚራ፦

ስለ ሙቀቱም እንናገር፣ የድሬ ሰው የሚቸገረው በሱ ነው። ግንቦትና ሰኔ ቤት ውስጥ ያለ ውሃ 30 ዲግሪ ያልፋል። ፔፐርድና ፓንዳ የሚባለው ኮሪዶራስ ቀዝቃዛ የሚወዱ ናቸው፣ ድሬ ላይ ከምታሰቃዩዋቸው ሐረር ላሉ ወዳጆቻችሁ ስጧቸው፣ እዚያ ይመቻቸዋል። ፔፐርድ ዳርዊን በቢግል መርከብ ሲዞር ከሰበሰባቸው ዓሦች አንዱ ነው፣ ደቡባዊው ደቡብ አሜሪካ ነው አገሩ፣ ብርድ ያውቃል። ለድሬ ስተርባይ ይሻላል፣ 28 ዲግሪም ይችላል። ብሮንዝ ለሁለታችንም ይሆናል።

በሙቀት ወራት ክዳኑን አንሱና በመረብ ተኩት፣ ትንሽ ቬንትሌተር በውሃው ፊት ላይ እንዲነፍስ አድርጉ። ውሃው እየተነነ ጥቂት ዲግሪ ይቀንሳል። የሚተነው ግን ውሃው ብቻ ነው፣ ማዕድኑ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የጎደለውን በዝናብ ውሃ ወይም ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ሙሉት፣ ሲፈላ ማንቆርቆሪያው ላይ የሚቀረው ነጩ ነገር ከውሃው የወጣ ጥንካሬ ነው። የዝናቡን የመጀመሪያ ውሃ ከቆርቆሮው አቧራ ጋር ይሂድ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ቅዱ። እኔ ለማራባት የምመርጠው ከኅዳር እስከ ጥር ያለውን ጊዜ ነው። እንቁላሉ አይቸኩልም፣ ሻጋታውም ይቀንሳል።

የጀጎሏ፦

ተፈለፈሉ። ማሻአላህ እንዴት ደቃቆች ናቸው! አንዳንዱ ነጭ ሆኖ የቀረ እንቁላል ነበር፣ ሌላው ሁሉ ወጥቷል። አሁን ታች ተለጥፈው ጭራቸውን ብቻ ያርገፈግፋሉ፣ የአስኳሉ ከረጢት ይታያል። ዛህራዬ የትሉን ዘር ከየት ላግኝ?

ዛህራ_ከዚራ፦

ከኔ! ጠዋት በሚኒባስ እልክልሻለሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ዘሩ ብዙ ስለሚሆን አስኳላቸውን እንደጨረሱ ወዲያው መመገብ ትችያለሽ።

የጀጎሏ፦

እድሜ ይስጥሽ። ሲያድጉልኝ ከጫጩቶቹ ላንቺም ለሳቢያንም እልካለሁ። በመንገድ ግን እንዴት ይላካሉ?

ሳቢያን_አኳ፦

ቢያንስ 2 ሴንቲሜትር እስኪሞሉ ጠብቂ። ከመላክሽ በፊት አንድ ቀን አትመግቢያቸው፣ ላስቲኩ ውስጥ አይቆሽሹም። የጀርባና የጎን ክንፋቸው ሹል እሾህ አለው፣ ላስቲክ ይበሳል፣ ስለዚህ ሁለት ላስቲክ ደርቢ፣ መካከሉ ላይ ጋዜጣ ብታደርጊ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ። ውሃው ሲሶ፣ የቀረው አየር ይሁን። አንድ ላስቲክ ውስጥ አታጭቂያቸው። ኮሪዶራስ ሲደነግጥ መርዝ የሚለቅበት ጊዜ አለ፣ ስተርባይ ላይ በተለይ የታወቀ ነው፣ ጠባብ ላስቲክ ውስጥ ራሱም አብሮትም ያለው ያልቃል። ትልልቆቹን ስትልኪ መጀመሪያ ባልዲ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አቆዪያቸው፣ ውሃው አረፋ ካበዛ ቀይሪላቸውና ከዚያ አሽጊ።

ከሐረር ድሬ መውረድ ነው፣ ደንገጎን ካለፈ በኋላ ሙቀቱ ይጀምራል። ስለዚህ የማለዳውን መኪና ያዢ፣ ሳጥኑም ፀሐይ በማይነካው በኩል ይሁን። ሲደርሱ ላስቲኩን ውሃ ላይ አንሳፍፌ ሙቀቱ እኩል እስኪሆን እጠብቃለሁ፣ ዓሣዎቹን ብቻ በመረብ አንስቼ አስገባለሁ፣ የላስቲኩን ውሃ እደፋዋለሁ።